ቁልፍ

ፎርሙን ስሞላ፣
«የመወዳደሪያ ምልክት» በሚለው መስመር ላይ
«ቁልፍ» ብዬ ጻፍኩኝ፣ ሳላብራራ ከታች፣ ሳልጨምር ከላይ።
የልብስ ሰፊ ነገር! ያሰብኩት ያንን ነው፣ አራት ቀዳዳውን፣
ኮት ላይ የሚሰፋ፣ የግራና የቀኝ ጫፍ የሚያገናኘውን።
ወረቀቱ ታትሞ ሲመጣልኝ፣ ጉዴ፣
የበር ቁልፍ ሆኖ አረፈው ዘመዴ!
ጥርሱን ያገጠጠ፣ አንገቱ ቀለበት፣
ሰው ውጭ አስቀርቶ የሚቆልፍ ቤት።
ማን ላይ ይፈረዳል? ቋንቋው ነው ጥፋቱ፣
ለመዝጊያ፣ ለመክፈቻ፣ ለማጋጠሚያም አንድ ቃል ነው ሀብቱ።

ሱቄ ከፒያሳ ቁልቁል ነው፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ትንሽ ከፍ ብሎ፣
ካልፈረሰው ግንብ ጥግ፣ በቆርቆሮ አጥር ትከሻ ታዝሎ።
ሲንጀር መኪናዬ እንደ ሐምሌ ዝናብ ስትንጣጣ፣
ከሁለት ተቀናቃኝ ቢሮ፣ በአንድ ሳምንት ትእዛዝ መጣ፦
አረንጓዴ ሰደርያ ሰባ፣ ሰማያዊ ሰደርያ ሰማንያ።
ሁሉንም ሰፋሁት፣ በአንድ መርፌ፣ በአንድ መለኪያ።
የአረንጓዴው ልሳኑ፣ የሰማያዊው ውብእሸት፣
ወገባቸው እኩል፤ ዘጠና አራት ከግማሽ፣ ጉድለት የለበት።
ብነግራቸው ግን ማን ያምነኛል? አንዱ ካንዱ ቁጥር ነው የሚሸሽ።

ያኔ ነው ያሰብኩት። ከጠረጴዛው ስር የወደቀው ጨርቅ፣
አረንጓዴው ቁራጭ ከሰማያዊው ጋር ተኝቶ ያለ እርቅ፣
ሽማግሌ ሳይልኩ፣ ካሳ ሳይካካሱ፣ ተደባልቀው ሳያቸው፣
«ለምክር ቤት ልወዳደር ነው» አልኳት ለሚስቴ፣ ለበለጥሻቸው።
እሷ ክር እየቆረጠች በጥርሷ፣
«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ...» ብላ ተወችው፤ አልጨረሰችም እሷ።

ከሠራተኛ ሰፈር እስከ ዶሮ ማነቂያ በር አንኳኳሁኝ።
«የማን ነህ?» ይላሉ፣ ስሜን ሳይጠይቁኝ።
«የማንም» ስላቸው ፊታቸው ይጠቁራል፤
«የሁላችሁም» ስል፣ እሱ ደግሞ ይብሳል፣ ይበልጥ ያስፈራል።
አንዲት ወይዘሮ ግን፣ የጋራው ቧንቧ ጋ ጄሪካን ደርድራ፣
«ከሁለቱም ጋር እሠራለሁ ነው የምትለው?» አለች፣ ቆማ ሰው ቆጥራ።
«አዎ» አልኳት።
«እንግዲያው ና ቁም፣ ያዝ እዚህ ወረፋ፤
አረንጓዴ ውሃ፣ ሰማያዊ ውሃ አይባልም፤ የመጣለት ቀን ነው ሁሉም የሚጋፋ።»
ሰልፉን ይዤ ቆምኩኝ። ከዚያ ሁሉ ንግግር አንድም ቃል አልወጣኝ።
ተራዬ ሲደርስ ውሃው ሄደ፤
«በል ድምፄን እሰጥሃለሁ» አለችኝ።

የምርጫው ቀን ሰኔ ነው፤ ሰማዩ ከጠዋት አኩርፎ፣
ከትምህርት ቤቱ ግቢ እስከ አስፋልቱ ሰው ተሰልፎ።
አንድ ሽማግሌ ድምፅ ሰጥተው ሲወጡ፣ ባርኔጣቸው ረጥቦ፣
«ቁልፍህን አየሁት፤ ቤቴ ፈርሶ እንጂ...» አሉኝ።
የመለሰላቸው ዝናቡ ነው፣ ከቆርቆሮው ተንጠባጥቦ።
የኮት ቁልፍ ነው ልበላቸው? ልንገራቸው የኅትመቱን ስህተት?
ኮታቸውን በእጃቸው ነው የያዙት፤ አንድም ቁልፍ የለበት።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ውጤቱ በር ላይ ተለጠፈ፤
ውብእሸት ወደቀ፣ እኔ መቶ አርባ ሰባት፣ ልሳኑ አለፈ።
መብራት ሄዶ ነበር፤ ሦስታችን በአንድ ስልክ ብርሃን አነበብነው፤
ስልኩ የውብእሸት፣ ከስም ወደ ቁጥር የሚሄደው ጣት የልሳኑ ነው።

መስከረም ሲጠባ ልሳኑ መጣ፣ ኮቱን ክንዱ ላይ ጥሎ፣
ለምክር ቤቱ መክፈቻ፤ መካከለኛው ቁልፍ በአንዲት ክር ተንጠልጥሎ።
ውብእሸት ቀድሞት አግዳሚው ላይ ነበር፣ ሱሪ ሊያሳጥር።
አልተነጋገሩም። ጠጋ አለለት እንጂ፣ አንድ ስንዝር።
«አጥብቀህ ስፋልኝ» አለ ልሳኑ። ውብእሸት ወለሉን እያየ፣
«ላላ አድርግለት፤ ወንበሩ ሆድ ያወጣል» አለ፤
ማን ቀድሞ እንደሳቀ አልተለየ።

ክሩን በለጥሻቸው በጥርሷ በጠሰችው።